ያልተቆጠረችው የመጀመሪያ ጣሳ

የአንድ ሰው ሕይወት ቢሰፈር ስንት ይወጣዋል? እህል ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው፤ ቁና አለ፣ ጣሳ አለ፣ ሚዛን አለ። ሰው ሲሆን ግን መስፈሪያው የቱ እንደሆነ፣ የማን እጅ እንደሚሰፍር፣ ከምኑ ላይ ተነሥቶ «አንድ» ተብሎ እንደሚጀመር ይኸው ሰማንያ ዓመት አልፎኝ አላወቅሁትም። ብዙ አንብቤአለሁ፤ ካነበብሁትም አብዛኛውን ረስቼአለሁ። መርጋ ዋቅወያን ግን ልርሳው ብልም እሱ አይረሳኝም። ከሰዓት በኋላ ብቻዬን ስቀመጥ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ደረቅ እህል በቆዳ ላይ ሲፈስ የሚሰማው ድምፅ ይመጣብኛል። ከዚያ አንዲት ሴት ትቆጥራለች። ሁልጊዜም አንዲት ትጎድላለች።

መርጋ የነቀምት ልጅ ነው፤ ጨለለቂ ተወልዶ ጨለለቂ የሞተ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማረ፤ ጥቂት ዓመት ሕፃናት አስተማረ፤ በ1957 ዓ.ም. መስከረም ላይ የእርሻ ቆጠራ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። የቀጠርሁት እኔ ነኝ። ያኔ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በወጣሁ በዓመቱ፣ የነቀምት ቅርንጫፍ ኃላፊ ተብዬ ከሸዋ ሄጄ ነበር። ረጅም፣ ትከሻው ጠበብ ያለ፣ ሲሄድ እርምጃውን በከንፈሩ የሚቆጥር ሰው ነበር። ለምን እንደሚቆጥር ስጠይቀው፣ እግሩ ሥራ ሳይፈታ አፉ ለምን ሥራ ይፈታል አለኝ።

ከዚያ በፊት መንግሥት የወለጋን ምርት የሚያውቀው በወሬ ነበር። የወረዳው ሹም «ዘንድሮ መልካም ነው» ካለ መልካም፣ «መካከለኛ ነው» ካለ መካከለኛ ተብሎ ይመዘገባል። አንድ ሹም በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ ከመካከለኛ ወጥቶ እንደማያውቅ በመዝገቡ አይቻለሁ፤ ከስድስቱ ዓመት በአንዱ አገሩን አንበጣ በልቶት ነበር። እኛ ያመጣነው አዲስ ዘዴ ነው። የመንደሩ ቤት ሁሉ ይመዘገባል፤ በየመቃኑ በኖራ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ከቤቶቹ ጥቂቶቹ አዲስ አበባ ላይ በዕጣ ይወጣሉ። ዕጣ የወጣበት ሰው ማሳ በሜትር ይለካል። ከማሳው ውስጥ፣ ይህም በዕጣ፣ ጎኑ አራት አራት ሜትር የሆነ ገመድ ይዘረጋል። በገመዱ ውስጥ ያለው ለብቻው ይታጨዳል፣ ይወቃል፣ ይሰፈራል። ከገመዱ መንደሩ፣ ከመንደሩ ወረዳው፣ ከወረዳው ጠቅላይ ግዛቱ ይሰላል። ሚዛን ይላክላችኋል ተብለን ነበር፤ አልመጣም። በምትኩ ለየሠራተኛው አንዳንድ የቆርቆሮ ጣሳ ተላከ፤ ሁሉም እኩል፣ ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ያለበት። የመርጋ ሃያ ሦስት ነበረች።

የደረሰው መንደር ጨፌ ሐሮ ነው፤ ከዋማ ወንዝ ማዶ፣ ወደ ኑኑ ቁምባ በሚያወጣው መንገድ፣ ከነቀምት አንድ ቀን ተኩል በእግር። ሰዉ ጭሰኛ ነው፤ ባለመሬቶቹ ከተማ ይኖራሉ። የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ገቢሳ ይባላሉ፤ አንደበታቸው እንደ ማጭድ የተሳለ ሰው ነበሩ። መርጋ ሜትሩን ዘርግቶ ማሳ ሲለካ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው ያዩት ነበር።

«ያ መርጋ፣ እንደ ልብስ ሰፊ ለካኸው እኮ። ለመሬቱ ሱሪ ልታሰፋለት ነው?»

«ለመሬቱስ ጨርቅ አይጠፋም ኦቦ ገቢሳ። የፈራሁት ለባለመሬቱ ስፋ ያሉኝ እንደሆነ ነው።»

የባለመሬቱን ሆድ የማያውቅ አልነበረምና ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፍርሃቱ እንዳለ ነበር። የተቆጠረ ነገር ይወሰዳል፤ ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። መርጋ በኦቦ ገቢሳ ደጅ ሰብስቦ የነገራቸውን፣ እነሱ እንደ ነገሩኝ ልጻፈው። መንግሥት ጆሮ አለው፤ ድምፃችሁ ግን ዋማን አይሻገርም። ቁጥር አፍ ነው። ሲሞላላችሁ የቆጠረ ሲጎድልባችሁም ያውቃል፤ ባወቀም ጊዜ ዘር ይልካል። ይህ ቁጥር አፍ ይሆናችኋል።

አመኑት። የሚናገረው በራሳቸው ቋንቋ ነበር፤ የእናቱንም ወገን ያውቃሉ። «ቁጥር አፍ ነው» ያለውን ግን እሱ አልፈጠረውም። ሠራተኞቹን ሳሠለጥን ሰሌዳ ላይ የጻፍሁላቸው እኔ ነኝ። ያኔ አምንበት ነበር፤ ዛሬም ጭራሽ አላምንበትም ብዬ አልምልም።

ዕጣ ከደረሳቸው ቤቶች አንዱ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ የድርቤ ቤት ነው። ድርቤ ባሏ የሞተባት፣ ሁለት ሴቶች ልጆች ያሏት፣ ተዳፋት ላይ ያለች አንዲት የዳጉሳ ማሳ የምታርስ ሴት ነበረች። ወንድ እንዳታሰማራ ገንዘብ የላት፤ በሬውን በልመና እያገኘች፣ ጉልጓሎዋን በእጇ ትሠራ ነበር። ዕጣ ወጣልሽ ሲላት ደነገጠች። አዲስ አበባ ላይ ስሜን ማን ነገራቸው አለች። ማንም አልነገረም፣ ዕጣ ነው አላት። እሷም፣ እንግዲህ ዕጣ ካወቀኝ ሌላ የሚያውቀኝ ስለሌለ ደግ ነው ብላ ማሳዋን ሰጠች።

በዚያ አገር የአዲስ እህል አሰፋፈር ሥርዓት አለው። የባለቤቱ እጅ እንጂ የእንግዳ እጅ አዲስ እህል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ መርጋ ጣሳዋን ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባለቤቱ እየሰፈረ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ መርጋ ይጽፋል። ድርቤም ሰፈረችለት፤ እሱም አራት ብሎ ጻፈ። የመንደሩ ሌላ ማሳ ሁሉ ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር፤ አራት፣ አንዳንዱ አምስት፣ አንዳንዱ ሦስት። አማካዩ አራት። ወረቀቱ ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

በ1958 መስከረም መጽሐፉ ታትሞ መጣ። አረንጓዴ ሽፋን ነበረው። ጨፌ ሐሮ ገጽ አርባ አንድ ላይ ትገኛለች፤ ዳጉሳ፣ በሔክታር ስምንት ኩንታል። መርጋ ቅርንጫፉ ቢሮ ቆሞ ገጹን በመዳፉ ሲያስተካክል ትዝ ይለኛል። መንደሪቱ ከተፈጠረች ጀምሮ ስሟ ሲታተም የመጀመሪያዋ ይመስለኛል አለኝ። መጽሐፉን ተውሶ ቤቱ ወሰደው፤ ለሚስቱ ለብርቄ አሳይቶ፣ በማግሥቱ በጋዜጣ ጠቅልሎ መለሰው። ያን ያህል ተደስቶ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ዓመቱ ሊለወጥ ሲል፣ በነሐሴ መጨረሻ፣ ዝናሙ ተቆርጦ ነበር። ዳጉሳው ራሱን ይዞ ቆመ፣ ፍሬው ግን ቀላል ነበር። በኅዳር ሥራውን ለማየት ከመርጋ ጋር ጨፌ ሐሮ ወረድሁ። ከቀትር በኋላ ነበር፤ ፀሐዩ ይፋጃል። ድርቤ ቆዳ አንጥፋ፣ ከገመዱ ውስጥ የታጨደውን ወቅታ አንፍሳ ጠበቀችን። ታናሽዋ ልጅ የእናቷን ጀርባ ተደግፋ ቆማ ነበር። ድርቤ ጣሳዋን ሞላች፣ በእጇ ጠርዙን አስተካከለች፣ «ካን ዋቃ» ብላ ቆዳው ላይ አፈሰሰች። የፈጣሪ ነው ማለቷ ነው። ደግማ ሞላች፤ «ቶኮ»። አንድ። «ለማ»። ሁለት። «ሰዲ»። ሦስት። አለቀ።

መርጋ ሦስት ብሎ ጻፈ።

«መርጋ፣ አራት ነው» አልሁት።

«ሦስት ነው ኦቦ ወልደሩፋኤል።»

«የፊተኛዋስ?»

«እሷ የዋቃ ናት።» ለሕፃን እንደሚመልሱ አድርጎ ነው የመለሰልኝ።

«እሺ። የዋቃዋ አሁን የት አለች?»

ቆዳውን አየ። የፊተኛዋ ጣሳ እዚያው ናት፤ ከሦስቱ ጋር ተደባልቃ አንድ ክምር ሆናለች። ለደሃ አልተሰጠች፣ ለወፍ አልተበተነች። የምትበላው ከሌላው ጋር ነው፤ ከቁጥር ብቻ ነው የወጣችው። እርሳሱ እጁ ላይ ቆመ። ድርቤ ከኔ ወደሱ፣ ከሱ ወደኔ እያየች፣ እኔ የማልሰማውን አንድ ነገር ብላው ሳቀች። ምን አለች ብዬ ስጠይቀው ሊነግረኝ አልፈለገም፤ ኋላ በመንገድ ነው የነገረኝ። ሰውየው ፈጣሪን ቁጥር ውስጥ ሊያስገባው ነው ወይ ነው ያለችው። አባቶቻችን ከአንድ የጀመረ እህል ቶሎ ያልቃል ይሉ ነበር፤ ለዚህ ነው መጀመሪያ የማይቆጠር አንድ የምናስቀድመው ብላዋለች።

«ዓምናም እንዲሁ ነው?» አልሁት።

ዓምናም ያው ነው ብሎ ቅጹን አቀበለኝ።

በሌሎቹ መንደሮች ሁሉ አጣራሁ። እዚያ የተመደቡት ሠራተኞች ከሸዋና ከጎጃም የመጡ ነበሩ። የባለቤቱ አቆጣጠር ስለማይገባቸው በዓይናቸው ያዩትን ጣሳ ሁሉ ቆጥረዋል፤ ቁጥራቸው ልክ ነው። የሳተው መርጋ ብቻ ነው። የሳተውም አገሩን ስለሚያውቅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ አባቱ እንዲህ ሲሰፍሩ አይቷል፤ የፊተኛዋ ጣሳ ለጆሮው ቁጥር አልነበረችም፣ እንደ ጸሎት ነበረች። በጸሎት ላይ እርሳስ የሚያነሣ የለም። ይህን ነገር ስንት ጊዜ አሰብሁት! ባዕዱ ያየውን፣ የቤት ልጅ በመሆኑ ሳያየው የቀረ ሰው።

ያን ዕለት የምናደርገው ግልጽ መሰለኝ። ሦስቱን አስደመሰስሁት፣ አራት አስጻፍሁት። በመንደሩ የዘንድሮ ሥራ ሁሉ የፊተኛዋ ጣሳ ገብታ ተቆጠረች፤ አማካዩ አራት መጣ። ስለ ዓምናው መርጋ ሲጠይቀኝ፣ ታትሞ ወጥቷል፣ በሚቀጥለው መጽሐፍ ማስታወሻ እናገባበታለን አልሁት። ለአዲስ አበባም ጻፍሁ። በዚህ ልቤን ጣልሁት።

አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ይበል። ዓምና በእውነቱ አምስት ጣሳ ነበር፤ የተጻፈው አራት ነው። ዘንድሮ በእውነቱ አራት ነው፤ የተጻፈውም አራት። ጨፌ ሐሮ ከአምስት ጣሳዋ አንዱን አጥታለች። በወረቀት ላይ ግን ስምንት ኩንታልና ስምንት ኩንታል ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ምንም የሆነ ነገር የለም። ከአምስቱ የባለመሬቱ ድርሻ ይወጣል፣ ዘር ይወጣል፣ የቀረው እስከ ግንቦት ያደርሳል፤ አምስተኛዋ የሰኔ፣ የሐምሌና የነሐሴ ናት። የጠፋችው እሷ ናት።

በመጋቢት ኦቦ ገቢሳ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ነቀምት መጡ። የመጡት መርጋ ዘንድ ነው። እህሉ እያለቀ ነው፤ ያለን ዘሩ ነው፤ ዘሩን ከበላን ደግሞ የከርሞውን በላን ማለት ነው። መንግሥት መጋዘን ውስጥ ዘር እንዳለ ሰምተናል አሉ። መርጋ ማመልከቻ ጻፈላቸው። በአሥራ አምስት ቀን መልሱ መጣ፤ ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «በታተመው መጽሐፍና በዘንድሮው ሪፖርት እንደተመለከተው፣ የተባለው መንደር ምርት ካለፈው ዓመት አልቀነሰም፤ ባለፈው ዓመትም የዘር ጥያቄ አልቀረበም። ስለዚህ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም።»

ኦቦ ገቢሳ ለመልሱ ተመልሰው መጥተው ወረቀቱን አስነበቡ። ከዚያ መርጋን ሳይሆን መሬቱን እያዩ ተናገሩ።

«አፍ ይሆናችኋል ብለኸን ነበር። ይኸው ተናገረ። የተናገረው ግን በኛ ላይ ነው።»

መርጋ በዚያው ቀን ዘሩን ወደያዘው ሹም ዘንድ ይዞኝ ሄደ። ራሱን አልሸሸገም። የዓምናው ቁጥር ስሕተት ነው፣ የሳትሁትም እኔ ነኝ፣ ቅጣቱ በእኔ እንጂ በነሱ አይሁን አለ። የጣሳዋን ነገር ሁሉ አስረዳ። ሹሙ ክፉ ሰው አልነበረም፤ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«የዓምናው ስሕተት ከሆነ» አለው ቀስ ብሎ፣ «የዘንድሮው ትክክል መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ይህን ጥያቄ አምስት ዓመት ፍልስፍና ተምሬ አልሰማሁትም። ሹሙ ቀጥሎ ወደኔ ዞረ። ኃላፊው አንተ ነህ፤ የታተመው ስሕተት ነው ብለህ በማኅተም ስጠኝ፣ ነገ ዘሩን እጭናለሁ አለኝ።

ማኅተሙ መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። የታተመ ቁጥር ያለ ዋና መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ እንዳይሻር መመሪያ ነበረን፤ እኔም ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፣ ለመመሪያው አዲስ ነበርሁ። ፈቃድ ልጠይቅ አልሁ። አዲስ አበባ የክፍሉ ኃላፊ ለነበሩት ለአቶ ዓምደሚካኤል ጻፍሁ፤ ደግሜ ጻፍሁ። መርጋ በየማለዳው ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛዬን ያያል፣ ይወጣል። ሚያዝያ አለፈ፤ ግንቦት አለፈ። መልሱ የመጣው ሐምሌ አሥራ አንድ ቀን፣ ዋማ ሞልቶ በቅሎ የማያሻግርበት ጊዜ ነው። በሠንጠረዡ ላይ ማስታወሻ የሚገባበት ዓምድ የለም ይላል።

ያን ክረምት ጨፌ ሐሮ ዘሯን በላች። የድርቤ ታናሽ ልጅ በነሐሴ መጀመሪያ ሞተች። ትኩሳት ነው አሉ። ትኩሳት ነበር። የጠገበ ልጅ ግን ያን ትኩሳት ያልፈዋል።

ሦስተኛው ቆጠራ ሲደርስ መርጋን ወደ ሌላ መንደር ልመድበው ፈልጌ ነበር። እምቢ አለኝ፣ ሄደ። የሆነውን የነገረኝ ተመልሶ፣ ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ ካስቀመጠ በኋላ ነው። ቁጥር አሥራ ሰባት ደጁ ላይ ሣር በቅሎበታል። ክዳኑ በአንድ ወገን ወርዷል። መቃኑ ላይ በገዛ እጁ በኖራ የጻፋት አሥራ ሰባት ግን ዝናም አልወሰዳትም፤ እንደ ትናንት ነጭ ናት። ጎረቤት ቢጠይቅ ድርቤ ትልቋን ልጅ ይዛ ወደ ጅማ፣ ቡና ለቀማ ሄዳለች አሉት። ደጁ ላይ ቆመ። ቀን ነው፣ ፀሐይ አለ፣ ነፋስ እንኳ የለም። እህል ቆዳ ላይ ሲፈስ ሰማ። ከዚያ ድምፅዋ፤ ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ።

«ካን ዋቃ ስትል አልሰማሁም» አለኝ። «እሷን እየጠበቅሁ ብዙ ቆምሁ። ከአንድ ነው የጀመረችው።»

ቅጹ ላይ መልስ ያልተገኘበት ምክንያት የሚል ጥያቄ አለ፤ ሦስት ምርጫ አለው። አልፈቀደም፣ አልተገኘም፣ ቤት ለቀቀ። መርጋ ሦስቱንም ትቶ ጎኑ ላይ በእርሳስ «እኔ» ብሎ ጽፎ ነበር። እኔ ላጲስ አነሣሁና አጥፍቼ ቤት ለቀቀ የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ሠንጠረዡ «እኔ» የሚገባበት ቦታም አልነበረውም።

በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ፤ ማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆነ። ጣሳ ሃያ ሦስት ጠፋች ተብሎ ከደመወዙ ተቆረጠበት። አልጠፋችም፤ ቤቱ ነበረች። ብርቄ እንደ ነገረችኝ መቁጠር የማይችል ሰው ሆኖ ነበር፤ ማለትም ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። ቆርቆሮ ሲቆጥር፣ የጸሎት ቤት ወንበር ሲቆጥር፣ የገዛ ልጆቹን በምሳ ሰዓት ሲቆጥር፣ ጨርሶ ሲያበቃ «የፊተኛዋ ገብታለች?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ ለምደውት ገብታለች አባባ ይሉታል። ከጉራጌ አገር የመጣ አንድ ባለሱቅ ጎረቤቱ ነበር፤ መርጋ ምስማር ሲገዛ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል፣ አንዱን ለቤቱ፣ አንዱን ለነፍሱ እያለ ይቀልድበት ነበር። መርጋም ይስቅ ነበር ይላሉ። ስቆም እንደገና ይቆጥራል።

በየዓመቱ መስከረም ላይ፣ መጽሐፉ በወጣበት ወር፣ ለአዲስ አበባ አንድ ደብዳቤ ይጽፋል። የሚለምነው ደመወዝ አይደለም፣ ሥራም አይደለም። ገጽ አርባ አንድ ግርጌ ላይ አንድ መስመር እንዲታተም ነው፤ በጨፌ ሐሮ የመጀመሪያዋ ጣሳ አልተቆጠረችም የሚል። የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች መልስ አላገኙም። በ1961 እኔ ወደ አዲስ አበባ ተዛወርሁ፤ በሁለት ዓመቴ የአቶ ዓምደሚካኤል ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ከዚያ በኋላ የመርጋ ደብዳቤ የሚመጣው ለኔ ነው። አንድ ገጽ ብናርም ሰው ሁሉንም ገጽ ይጠራጠራል ብለው ከበላዬ ያሉት ነገሩኝ፤ ሐሳቡ የማይረባ ነው ልል አልቻልሁም። ለላኩልን መረጃ እናመሰግናለን የሚል መልስ በታይፕ አስጽፌ ፈረምሁ። በሚቀጥለው መስከረም ያንኑ ደግሜ ፈረምሁ።

በ1965 ግንቦት ለሥራ ነቀምት ሄድሁ። መርጋ ታሟል አሉኝ። ጨለለቂ ቤቱ ገባሁ፤ ከሰዓት በኋላ ነው፣ የክዳኑ ቆርቆሮ ፀሐይ ሲበላው ጣ ጣ ይላል። ጉበቱ አብጦ ፊቱ ብጫ ሆኖ ነበር። ጣሳዋ መስኮቱ ላይ ነበረች፤ ቀዩ ቀለም ለቅቆ ሃያው ጠፍቷል፣ ሦስቱ ቀርቷል። ብርቄ ወንበር ሰጥታኝ ወጣች። ስለ መንገዱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናሙ ጠየቀኝ። የጨፌ ሐሮን ነገር ያነሣል ብዬ ፈራሁ፤ ሳያነሣ ይቀራል ብዬም ፈራሁ። በኋላ፣ የሚታተመውን ትቼዋለሁ፣ ገብቶኛል፣ ብዙ መጽሐፍ ነው አለኝ። ከዚያ ሌላ ነገር ለመነኝ። ብዕሬ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበረች። ቅርንጫፉ ቢሮ ከቤቱ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ቁልፉም በዚያ ቀን በእጄ ነበር። እናየዋለን አልሁት። በማግሥቱ በማለዳ በመኪና ወጣሁ፤ እሱ በሰኔ አረፈ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ለአንድ የዘመድ ለቅሶ ነቀምት ደርሼ ከቅርንጫፉ ቢሮ ያን መጽሐፍ ፈልጌ አስወጣሁት። አረንጓዴው ሽፋን ነጥቷል፤ ምስጥ ዳር ዳሩን በልቶታል። ገጽ አርባ አንድ ግርጌው ባዶ ነው። ልጽፍበት እጄን አነሣሁ፤ መዝገብ ያዡ ልጅ፣ አባባ፣ በመንግሥት መጽሐፍ ላይ መጻፍ ክልክል ነው አለኝ፤ ልክ ነው፣ ክልክል ነው። መለስሁለት።

መርጋ በዚያ ከሰዓት በኋላ የለመነኝ ይህን ነበር።

«ኦቦ ወልደሩፋኤል፣ ሁሉም ላይ አይደለም። እዚህ ነቀምት ቢሮ ያለችው አንዷ ላይ ብቻ። ማኅተሙ ይቅር፣ የርስዎም ስም አይኑርበት። በእርሳስም ይሁን። በጨፌ ሐሮ አምስት ነበር ብለው ይጻፉልኝ።»